አጥናፉ ጉጠት የያዘባቸው ሦስት ቀናት

ለምወድህ ወንድሜ ለመንግሥቴ፣

የሱዳን ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ያ የወባ ትኩሳት ለቀቀህ ወይ? ባለቤትህ ወለተ ሰንበትስ በደህና ተገላገለች? ሕፃኑ ጡት ይዟል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለን። ደህና ነን ብዬ ግን አልዋሽህም።

ደብዳቤህ ከገዳሪፍ በመጣው ነጋዴ እጅ ደርሶኛል። «ለትንሣኤ ስመጣ ከታላቃችን ከአጥናፉ ጋር ታርቃችሁ ልያችሁ፤ በአንድ አደጋ ምክንያት እህትና ወንድም አይለያይም» ብለሃል። አደጋ ብሎ የጻፈልህ እሱ ነው። እኔ ደግሞ የሆነውን ልንገርህ።

ዋሴን ሳገባ አጥናፉ «ቀጥቃጭ አማች አይኖረኝም» ብሎ ከሠርጌ እንደቀረ ታውቃለህ። ዐሥር ዓመት ደጃችንን አልረገጠም። አምና ግን ያንን አሮጌ የወታደር መኪና በጨረታ ገዛ። ሞተሩ ደህና ነው፤ ከሥር የሚሸከመው ድርብርብ ብረት፣ ባሌስትራው፣ ተሰባብሮ የመኪናው አካል ጎማው ላይ ተኝቷል። መለወጫው ደሴም አዲስ አበባም ታጣ። ያኔ በገዛ እግሩ መጥቶ «ዋሴ፣ አንተ ካልሠራኸው ማን ይሠራዋል?» አለ። አልደብቅህም፣ ወንድሜን መልሼ ያገኘሁ መስሎኝ አለቀስኩ።

ዋሴ በጦርነቱ ከተቃጠሉት መኪኖች ላይ ብረት እየፈታ በአህያ አመላለሰ። እዚሁ ግቢያችን ውስጥ በከሰልና በወናፍ እያጋለ፣ እያንዳንዱን ብረት በእጁ አጎበጠው። የኛን ድንጋያማ መንገድ እንዲችል ብሎ ከነበረው ሁለት ብረት ጨምሮ መኪናውን ከፍ አደረገው። አምስት ወር ፈጀበት። መኪናው በእግሩ ሲቆም የሰፈሩ ሰው ሁሉ ወጥቶ አየው።

ለኅዳር ሚካኤል አጥናፉ ድግስ ደግሶ መኪናውን አስባረከ። ካህናቱም የመሥሪያ ቤት ሰዎችም ድንኳን ውስጥ ተቀመጡ። ለዋሴ ከጓሮ፣ ከእንጨቱ ክምር አጠገብ፣ በተሰበረ ሸክላ ቀረበለት። «እንግዶቹ እንዳይቀፋቸው ነው» አለኝ አጥናፉ፣ ሳያፍር። ዋሴ በልቶ አመስግኖ ተነሣ። እኔ ግን የቀረበልኝን አልነካሁም።

በጥር መኪናው እህል ጭኖ ወደ ኒሯቅ ገበያ ሲወርድ ደረቅ ወንዝ ውስጥ ፔርኖው፣ ባሌስትራውን የሚያስረው ዘንግ፣ ወጣ። አጥናፉ መጥቶ ዋሴን ወደዚያው ወሰደው። መኪናውን በክሪክ አንሥተው ዋሴ ከሥር ገባ፤ ቀኝ እጁን ከብረቱ መሐል አስገብቶ ፔርኖውን ሲመታ አጥናፉ «ገበያው ሊበተን ነው፣ አውርደው!» አለ። ሾፌሩ ደብሬ «ጋሼ፣ ሰውየው እጁን አላወጣም» ቢለው ገፍቶት ክሪኩን ራሱ ለቀቀው። ዋሴ «ቆዩ!» ሲል ደብሬ ሰምቷል። አጥናፉም ሰምቷል። ይህን ደብሬ ራሱ እቤቴ መጥቶ፣ መስቀል ይዞ ነግሮኛል።

መልሰው አንሥተው አወጡት፤ ፔርኖው ገብቶ ነበር። አጥናፉ ያን የተፈጨ እጅ አይቶ «ጭነቱን አራግፈን ስንመለስ እናነሣሃለን» ብሎ በግራር ሥር ጥሎት ሄደ። መንገድ ያገናኘው አንድ የአበርገሌ ሰው በአህያ ጭኖ አመጣልን። ሐኪሞቹ እጁን ከአንጓው ላይ ቆረጡት። አጥናፉ ሊጠይቀው አልመጣም።

በየካቲት የመኪናው የሌላው ጎን ባሌስትራ ተሰበረ። ያን ጊዜ አባ ገብረ አምላክን ጨምሮ ሦስት ሽማግሌ ላከብን። ላባርራቸው ስነሣ ዋሴ ያዘኝና «እሠራለሁ፤ ግን እጅ የለኝም። አጥናፉ ራሱ መጥቶ እጅ ይሁነኝ» አላቸው።

መጣ። ሦስት ቀን ሙሉ እሱ የጋለውን ብረት በጉጠት ይይዛል፣ እኔ በመዶሻ እመታለሁ፣ ዋሴ ተቀምጦ ያዝዛል። የአጥናፉ መዳፍ ውኃ ቋጥሮ ሲፈነዳ አየሁ፤ ደስ አለኝ፣ አጠንክሬም መታሁ። ምሳ ሳቀርብለት ከቤቱ በጨርቅ ቋጥሮ ያመጣውን ቂጣ ይዞ ከአጥሩ ጀርባ ዞረ። እናታችን ታይቱ ልታየን መጥታ ነበርና «ልጄ፣ ያቀረበችልህ እኮ እህትህ ናት» ብትለው «ሰው ያየኛል፣ እናቴ» አላት። እማማ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ወጣች።

አሁን ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርህ። በሦስተኛው ቀን የመጨረሻው ብረት ቀልቶ ወጣ። የጋለ ባሌስትራ የሚነከረው ዘይት ውስጥ ነው። ውኃ ውስጥ ከገባ ለዓይን ያው ነው፣ ውስጡ ግን እንደ ሸክላ ይሆናል፤ ጭነት ይዞ ቁልቁለት ላይ ሲደርስ ይሰበራል። ይህን አጥናፉ አያውቅም፣ እኔ አውቃለሁ። የውኃው ገንዳ አጠገቡ ነበር። ብረቱን እንደያዘ «የት ላድርገው?» ብሎ እኔን ጠየቀኝ። እኔም «ውኃው ውስጥ» አልኩት።

ዋሴ ቀና ብሎ አየኝ። ብዙ አላየኝም። «ዘይት ነው፤ ተሳስታ ነው» አለ። አጥናፉም ዘይቱ ውስጥ ነከረው፤ ገጥሞ ይዞት ሄደ፣ ደህና ዋሉ እንኳ ሳይለን። ከሄደ በኋላ ዋሴ አልተቆጣኝም። «መኪናው ላይ እኮ ደብሬም፣ ገበያተኛውም አለ» ብቻ አለኝ። እኔ እነሱን አላሰብኳቸውም ነበር፣ መንግሥቴ። አንዳቸውም ትዝ አላሉኝም።

ስለዚህ በእግዚአብሔር ስም እለምንሃለሁ፣ አታስታርቀን። ይቅር አልልም ብዬ አይደለም። ከእሱ ጋር አንድ ቤት ስቀመጥ እጄ ምን እንደሚያደርግ ስለማላውቅ ነው።

እማማ ታይቱ ጉንጭህን ትስምሃለች፤ ጉልበቷ ከመድከሙ በቀር ደህና ናት። ልጃችን ሃና ሦስተኛ ክፍል ገብታለች፣ አጎቴን ሳሙልኝ ብላለች። ዋሴ «ሕፃኑን በስሜ ባርክልኝ» ይልሃል። ወለተ ሰንበትን እቀፍልኝ።

እህትህ ዝናሽ
ሰቆጣ፣ መጋቢት 20 ቀን 1994 ዓ.ም.