የአቶ ደሳለኝ የጎደለ ሰዓት

ሰኞ፣ ኅዳር 8

አዋረደኝ። በሰው ሁሉ ፊት።

የፋብሪካችን ሠራተኞች የጥቅምት የሥራ ሰዓት ሰንጠረዥ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ሲወጣ፣ «ልዩነት» የሚለው ዓምድ በየቦታው ##### ነበር። አቶ ደሳለኝ፣ የሰው ኃይል ኃላፊያችን፣ «ሰዓት መዝግቢ ብንላት አጥር አጥራ መጣች!» አለ። ሳቁ። ከዚያ ለዚሁ ስህተት የጻፈብኝን ማስጠንቀቂያ አወጣና ጮክ ብሎ አነበበው። ሥራ አስኪያጁ «ሐሙስ ተስተካክሎ ይቅረብ» ብለው ተነሡ።

ከቡሬ በሚኒባስ ወደ ቤቴ፣ ወደ ፍኖተ ሰላም ተመለስኩ። እናቴ «ምን ሆነሻል?» ስትለኝ «ራሴን» አልኳት። ውሸቴን ነው። የእጁን እንዴት እንደምሰጠው እያሰብኩ ነው። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ። እዚህ ደብተር ላይ ግን አንተ ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ገባኝ። ሰው መሥራት ካለበት ያነሰ ሲሠራ ልዩነቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ኤክሴል ደግሞ ከዜሮ በታች የሆነ ሰዓት ማሳየት አይችልም፤ ##### ይደረድራል። አጥሩ የኔ ስህተት አይደለም። አጥር ያለበት ሁሉ ሰዓት የጎደለበት ሰው ነው።

ከዚያ ከላይ ጀምሬ አየሁ። ረድፍ አንድ፣ ደሳለኝ። #####።

ሰው ሁሉ ሲገባ ሰዓቱን ጽፎ የሚፈርምበትን የበር መዝገብ ከጥበቃዎቹ ተቀብዬ በእጄ ደመርኩ። ሁለት ሰዓት መግባት ያለበት ሰውዬ በየሁለት ቀኑ ሦስት ተኩል ይገባል፤ አንዳንዴ አራት። የወሩ ጉድለት አሥራ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ! መስከረም ላይ «አጥር ያለበትን ሁሉ ዜሮ አድርጊው» ብሎኝ አድርጌለት ነበር። ጥቅምትን ስላላደረግኩት ነው ለካ እንዲያ የጮኸው።

ኢንተርኔት ላይ አንዱ «የቀን ሥርዓቱን ወደ 1904 ቀይሩ» ይላል። ቀየርኩ። የጎደሉት ሰዓቶች ወጡ፤ ግን ቀኖቹ ሁሉ አራት ዓመት ወደፊት ዘለሉ። ቶሎ መለስኩት። ደሳለኝ እንዲህ ያለ ቀዳዳ ካገኘ ያመልጠኛል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ተሳካ! ልዩነቱ ከዜሮ ካነሰ ቀመሩ መጠኑን ብቻ ይወስድና ከፊቱ የመቀነስ ምልክት በጽሑፍ ይለጥፋል። −19:40። ቀይ ቀባሁት። ድምሩ እምቢ አለኝ፤ ጽሑፍ አይደመርማ። ስለዚህ ሁለት ዓምድ አደረግኩ፤ የሚያሰላው ተደብቋል፣ ሌላው ይታያል። ቢሮ ውስጥ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ቀይ የወጣባቸው፦
አቶ ደሳለኝ
ሁለት የመጋዘን ሠራተኞች፣ ትንሽ ትንሽ
እትዬ የሺ፣ −9:15

እትዬ የሺ ላይ እጄ ቆመ። ጽዳት ናቸው። ደምበጫ ያለችው ልጃቸው አራስ ሆና ታማባቸው ሲመላለሱ ከረሙ። የሳቸውን ብቻ ዜሮ ላድርገው? ያኔ ከሱ በምን እለያለሁ?

ሄጄ ነገርኳቸው። መጥረጊያቸውን ተደግፈው ሰሙኝና «የኔ ልጅ፣ እሳቱን ለሱ ስትለኩሺ የኔም ጎጆ ሣር ነው» አሉ። አፈርኩ። ቆየት ብለው «ግድ የለም፣ ይታይ። ለምን እንደቀረሁም ጻፊበት» አሉኝ።

«ምክንያት» የሚል ዓምድ ጨመርኩ። የሁሉንም ጠየቅኩ፣ የሱንም። «እኔን የምትጠይቂ አንቺ ማን ነሽ?» አለኝ። ባዶ ተውኩለት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ሰንጠረዡን ከፈትኩት። ቀዩ ግድግዳው ላይ ወጣ። ማንም አልሳቀም።

ሥራ አስኪያጁ የእትዬ የሺን ምክንያት አነበቡና «ይህ ከፈቃዳቸው ይያዝ» አሉ። ከዚያ ወደ ረድፍ አንድ ተመለሱ። «አቶ ደሳለኝ፣ ያንተ ምክንያት የታለ?»

«ቀመሩ ተሳስቶ ነው። ልጅቷ እንደሆነ አትችልም፣ ባለፈውም…»

የበር መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። «የራስዎ ፊርማ ነው፣ አቶ ደሳለኝ» አልኩ፣ በትሕትና። እንዲህ ትሑት ሆኜ አላውቅም።

ሥራ አስኪያጁ ገጾቹን አንድ በአንድ ገለጡ። የደሳለኝ ላብ ሲወርድ አየሁ። «የልጅቷን ማስጠንቀቂያ አንሣ፤ አሁን፣ በጽሑፍ» አሉት። «ያንተን ጉዳይ ደግሞ ቢሮዬ እንነጋገርበታለን።»

ጻፈ። ወረቀቱን ሲያቀብላቸው «ይቅርታ፣ ማስጠንቀቂያው የተነበበው በሰው ፊት ነበር» አልኩ። ድፍረቱ ከየት እንደመጣ እንጃ። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን መለሱለት።

አነበበው፣ በለሆሳስ። «አልተሰማም» አልኩ። ደግሞ አነበበው። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ሦስተኛም ባስነበብኩት ብዬ ተመኘሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ኅዳር ሚካኤል። ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ሚኒባሱ እስኪሞላ መናኸሪያ ተጎለትኩ። ፋብሪካው በር ስደርስ ሁለት ሰዓት ከሃያ።

አቶ ደሳለኝ ከጥበቃው ጎን ቆሟል። በሰዓቱ ገብቶ! የእጅ ሰዓቱን አየ፣ እኔን አየ። «እንደምን አደርሽ» አለና ገባ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፤ መልሱን ሌሊቱን ሙሉ አሰናድቼ ነበር።

የኅዳሩ ሰንጠረዥ ላይ ረድፌን ከፈትኩ። −0:20፣ ቀይ፣ በገዛ ቀመሬ። ማንም ሳያይ ማጥፋት እችል ነበር። አላጠፋሁትም። መጥቶ የሚናገረኝን ስጠብቅ ዋልኩ። አልመጣም። ምን እያሰበ ይሆን?

ሰኞ በመጀመሪያው ሚኒባስ እሄዳለሁ። በሩ ላይ ቀድሜው እቆማለሁ።