ብሌን ሥራዋን ወደ ሩቁ ማከማቻ የላከች ሰሞን

ሰኞ፣ ጥቅምት 22። ከቀኑ 9 ሰዓት

ጨረሰች! ልጄ ብሌን ፕሮግራሙን ጨረሰች! እንዴት ዋልሽ እንኳ ሳልልሽ፣ ደብተሬ፣ ይቅር በይኝ። ጉልበቴ ላይ የሰው ቀሚስ፣ መርፌው ክር አልገባለት፣ እኔ እጽፋለሁ።

ፕሮግራሙ ሰሊጥ ሊያጭዱ ከደጋ ለሚወርዱት የቀን ሠራተኞች ነው። ስም፣ ቀበሌ፣ ቢታመም ለማን ይደወል፣ ሁሉን ይይዛል። አምና ያ ወባ የጣለው የወሎ ልጅ... አገሩን የሚያውቅ ጠፍቶ ጤና ጣቢያው በር ላይ ቆመን ቀረን። ብሌን የጀመረችው ያን ሰሞን ነው።

አሁን ጎንደር ላለችው ጓደኛዋ፣ ለሰላም፣ በኢንተርኔት ሊደርሳት ነው። ሩቅ የሆነ ማከማቻ አለ አሉ። እስካሁን ያለው እዚህ አሮጌ ላፕቶፕ ውስጥ ብቻ። እሱም በመተማ ሙቀት እየጋለ በራሱ ይጠፋል። አንድ ቀን ጠፍቶ ቢቀርስ? የዓመት ልፋቷ! አላስበውም። ትናንት አቧራውን ስጠርግለት የፈረንጅ ቀን ሲቆጥር አገኘሁት፤ ወደ እኛው መለስኩለት። ደስ አለኝ።

ማክሰኞ። ከሰዓት

ሥራዋ አልላክ አለ። ብሌን እንዳስረዳችኝ፦ ፕሮግራሙ የተቀመጠበት ማኅደር ውስጥ ለውጡ ሁሉ በተራ ተቀምጧል። የሩቁ ማከማቻ አድራሻ ይነገረዋል። ከዚያ ግፋ ይባላል፣ ግልባጩ ይሄዳል። የደንበኞቼን ልክ የያዘውን ደብተር ገልብጬ ሌላ ልብስ ሰፊ ዘንድ እንደማስቀምጠው መሆኑ ነው። አድራሻውን ተቀበለ። ግፋ ስትለው ግን ቀይ ጽሑፍ። የሱዳን ኔትወርክ ነው አለች፤ ስልኳ ከድንበሩ ድልድይ ማዶ ያለውን እየያዘባት።

እኔ ዓይኔን ስጨፍን ሥራዋ ሲሄድ አየዋለሁ። በሽንፋ ወንዝ ላይ፣ ታጭዶ በቆመው ሰሊጥ ላይ፣ እንደ ሳቢሳ ወፍ በሰልፍ፣ ነጭ ሆኖ፣ ሽቅብ ወደ ጎንደር። ይህን ሳስብ ቀሚሱን ገልብጬ ሰፋሁት። ፈታሁት።

ረቡዕ

ሸሕዲ ከተማ ደርሳ መጣች፣ ላፕቶፑን እንደ ሕፃን ታቅፋ። የሱዳን ኔትወርክ እዚያ አይደርስም። ያው ቀይ። ላፕቶፑም ሁለቴ ጠፋባት፤ ኋላ እስኪነሳ ሩብ ሰዓት ፈጀ።

የሠራተኞቹ ካቦ፣ አያ ደርሶ፣ ሱሪ ሊያስጠግኑ መጥተው በጎጃም አነጋገራቸው አላገጡባት፦ «ሁለት ቀን ሙሉ? አንቺ ልጅ፣ ለኔ ብትሰጭኝ በአህያ ጭኜ ይሄኔ ጭልጋ ነበርሁ!»

ሳቅሁ። እሷ አለቀሰች። አንጀቴን በላችው።

ሐሙስ። ረፋድ

ቀዩ ምን ይላል አልኳት። እኔም እኮ አሥራ ሁለተኛ ጨርሻለሁ። አብረን አነበብን። የዚያኛው ማከማቻ ማንነቱን የሚያሳይበት የምስክር ወረቀት ጊዜው ገና አልደረሰም ይላል። ገና? ብሌን ግራ ገባት። እኔ ላፕቶፑ ጥግ ላይ ያለችውን ቀን አየሁ። የኔው ቀን! ላፕቶፑ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ቆሟል፤ የዘንድሮ ወረቀት ሲያሳዩት ገና ነው ይላል።

ተናዘዝኩ። እኛ ቤት እስከኖረ ድረስ በእኛው ይቁጠር ብዬ ነው አልኳት። ቀኗን አየች። አየችኝ። ከዚያ መሬት ላይ ተዘርራ ሳቀች።

ቀኑን ወደ ፈረንጁ መለሰችው። ግፋ። ላፕቶፑ ጋለ፣ ጮኸ፤ እኔ በሰፌድ አራገብኩለት። መቶ ከመቶ። ሄደ!

ሐሙስ። 11 ሰዓት

ሰላም ደወለች። ሁሉም ደርሷታል። ግን የመጨረሻው ሥራ የዛሬ ሰባት ዓመት የተሠራ ይላል፤ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሽ ነው እንዴ የጨረስሽው ብላ ቀለደችባት። ብሌን ላስተካክለው ስትል አይሆንም አልኩ። እዚያ ሩቅ ቦታ የኔም እጅ ይኑርበት።

ላፕቶፑ 8 ሰዓት ላይ ጠፋ። እስካሁን አልተነሳም። ይተኛ፤ አሁን አልፈራም።

ለደስታችን ድግስ ፍየሉን አያ ደርሶ ይገዛሉ፣ ላላገጡበት ቅጣት። እሺ ብለዋል። ሠራተኞቹ፣ ጎረቤቱ፣ ሰላምም ከጎንደር ትውረድ። ማንም እንዳይቀር፦ እሑድ፣ ጥቅምት 28፣ ከቅዳሴ በኋላ። በእኛው አቆጣጠር!