የዋስ ያለህ

ሰኞ

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ይሻለኝ ነበር። ጋሼ ታፈሰን የሚያህል ሰው ከሳን ሆዜ ኦክላንድ ድረስ አስመጥቼ፣ በሙሉ ልብስና በከረባት፣ እስረኛ በዋስ የሚያስፈታ ቢሮ ይዣቸው ገባሁ።

የመኪና ነጋዴ ላይሰንስ ለማውጣት የቀረኝ ቦንድ ብቻ ነበር። የላይሰንስ ቢሮው መስኮት ጋ ያለችው ሴትዮ "ገዢ ብትበድል የሚክስልህ ቦንድ አምጣ" ስትለኝ እኔ ብልጡ በሆዴ ወደ አማርኛ መለስኩት። ዋስ። ዋስ ደግሞ ሰው ነው። አገር ቤት ዋስ አምጣ ከተባልክ የተከበረ ሰው ይዘህ ትሄዳለህ፣ እሱም "እኔ አለሁለት" ይላል፣ አለቀ። እዚህ አገር የማውቀው የተከበረ ሰው ጋሼ ታፈሰ ናቸው። ኮሌጅ ያስተምራሉ፣ ቤት ገዝተዋል፣ አበሻ ሲጣላ የሚያስታርቁት እሳቸው ናቸው።

ስደውልላቸው "ዲለር ማለት ደላላ ነው እንዴ?" አሉኝ። ደላላ የሰው ዕቃ ነው የሚያሻሽጠው፣ እኔ የምሸጠው የራሴን መኪና ነው ብዬ አስረዳሁ። "እንግዲህ የጀመርከውን ኢንጂነሪንግ ትተህ..." ብለው ሳይጨርሱት ተዉት። ግን መጡ።

ፍርድ ቤቱ አጠገብ "ቦንድ" የሚል ትልቅ መብራት ሁልጊዜ ሳልፍ አየዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ምን ልፈልግ? ገባን። ጋሼ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ በዚያ በሚያስተምሩበት እንግሊዝኛ "ለዚህ ወጣት ዋስ ልሆን ነው የመጣሁት" አሉ። ሰውዬው ሲጋራውን ከአፉ ሳያወጣ ከላይ እስከ ታች አየንና "ማነው የታሰረው?" አለ።

ማንም አልታሰረም አልኩት።

"ታዲያ መቼ ነው የሚታሰረው?"

ጋሼ ኮፍያቸውን መልሰው አደረጉ። ስንወጣ ዘነበች አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ቆማለች። ዘነበች አየች ማለት ሬዲዮ ተናገረ ማለት ነው። እጅ ነሳናት። ጋሼን መሬት መሬት እያየሁ እስከ መኪናቸው ሸኘኋቸው።

ማክሰኞ

ለካ እዚህ አገር ዋስ ይገዛል። ኢንሹራንስ የሚሸጡት ናቸው የሚሸጡት። አንዱ ኢንሹራንስ ቤት ከዚያው ከጉደኛው ቢሮ ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ ነው፣ ሳላየው ነው ስንት ጊዜ ያለፍኩት። እዚያ ያለችው ሴትዮ ደግ ናት። ማመልከቻዬን ወሰደች፣ ኮል አደርግልሃለሁ አለች።

ጭንቀቴን ልጻፈው። ሻጭ ሆኜ የምሠራበትን የመኪና መሸጫ ለቅቄያለሁ፣ ያውም አለቃዬን እየተኩራራሁ ተሰናብቼ። መኪኖቼን ደርድሬ የምሸጥበት ቦታ፣ የሎቱ ባለቤት እስከ ዓርብ ነው የሚጠብቀኝ፤ ከዚያ ለሌላ ያከራየዋል። ቦንድ ከሌለ ላይሰንስ የለም፣ ላይሰንስ ከሌለ አንዲት ቮልስዋገን መሸጥ አልችልም።

ጋሼን ደውዬ ይቅርታ ልጠይቅ ነበር። ነገ።

ረቡዕ

አልደወልኩም።

የኢንሹራንሷ ሴትዮ ግን ደወለች። ቤት የለህም፣ ክሬዲት የሚሉት የብድር ታሪክ የለህም፣ አብሮህ የሚፈርም ሰው ካመጣህ ይሆናል አለች። ቤት ያለው ቢሆን ይመረጣል። ይኸውልህ እንግዲህ፣ ዋሱ ራሱ ዋስ ይፈልጋል። የመጀመሪያው ሐሳቤ ልክ ነበር ማለት ነው፣ በሩን ነው የሳትኩት። አሁን በየትኛው ፊቴ "ጋሼ፣ ከረባትዎን ይልበሱ" እላለሁ?

ማታ ደባሌ ግርማ ከላውንድሪ ሲመለስ ልብሱን ገና ሳያስቀምጥ "ጋሼ ታፈሰን አስፈታሃቸው አሉ" አለኝ።

ማንን?

"ጋሼን ነዋ። በምን ነው ግን የታሰሩት? አንዳንዱ ጠጥተው ሲነዱ ነው ይላል፣ አንዳንዱ ፖለቲካ ነው ይላል።"

እኚያ ሰው ቢራ እንኳ አይቀምሱም። እውነቱን ልነግረው አፌን ከፈትኩና የእስረኛ ዋስና የነጋዴ ዋስ መለየት አቃተኝ ማለት ሞት ሆነብኝ። "ወሬ ነው" ብዬ ብቻ ተኛሁ። ቦንዱን አይደለም አሁን የማስበው። የሳቸው ስም እየጎደፈ የኔን ጅልነት መደበቄ ነው የሚያንገበግበኝ።

ሐሙስ

ጠዋት ዘነበች ጋ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳት፣ መብራቱን፣ "መቼ ነው የሚታሰረው" ያለውን፣ አሁንም ፈራሚ አጥቼ መቀመጤን። ሳቀች፤ ትንፋሽ እስኪያጥራት ሳቀች። እኔ ስልኩን ይዤ ጆሮዬ ድረስ እየጋልኩ ቆምኩ። "ለነገርኳቸው ሁሉ መልሼ እነግራለሁ" አለች። አላጠራጠረኝም።

ከሰዓት ጋሼ ደወሉ።

"ታስሬያለሁ አሉ።"

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩ።

"ዘነበች ደውላ ይቅርታ ጠየቀችኝ። አሁንም ሰው ይፈለጋል ነው የምትለው። ታዲያ እኔን ለምን አልጠራኸኝም?"

"አፍሬ ነው ጋሼ።"

"እፍረቱማ እኔም ጋ ደርሷል፣ ተካፍለነዋል። ያልጨረስነው ሥራውን ነው።"

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አለቀስኩ። ግርማ እንዳይሰማ ቧንቧውን ከፈትኩት።

ዓርብ

ያንኑ ሙሉ ልብስ ለብሰው መጡ። ሴትዮዋ "ዝምድናችሁ ምንድነው?" ስትላቸው በእንግሊዝኛ ቃል ፈለጉ፣ ፈለጉና በአማርኛ "ዋሱ ነኝ" አሏት። እሷም ቅጹ ላይ አጎት ብላ ሞላችው። ፈረሙ። እኔም ፈረምኩ። የሎቱ ባለቤት ቁልፉን ሰጥቶኛል። ሰኞ ኢንስፔክተር ቦታውን ሊያይ ይመጣል፤ ታፔላው ገና ቀለሙ አልደረቀም፣ ይለፍ አይለፍ አላውቅም።

ወደ መኪናቸው ስንሄድ የግድ በዚያ ቢሮ በኩል ነው የሚታለፈው። ሰውዬው በሩ ላይ ቆሞ ያጨሳል። እኔ ተሻግረን እንሂድ አልኩ። ጋሼ እምቢ አሉ። አወቀን።

"እህ፣ ሰውዬው ተፈታ?"

ጋሼ ኮፍያቸውን ከፍ አድርገው በሱው ወደ እኔ አመለከቱ።

"አዎ፣ አሁን ገና" አሉት።