ጥፋቱ የአባዬ እግር አይደለም

ለታናሽ ወንድሜ፦

ከቁጣዬ በፊት ሰላምታዬ ይቅደም። እንዴት ሰነበትክ? ያ ሳልህ ለቀቀህ? እማዬስ ጉልበቷ እንዴት አደረጋት? አክስታችንስ ዓይኗ ተሻላት? እኔ ታላቅ እህትህ ደህና ነኝ፤ እጄ ከዘይት ጠርቶ አያውቅም እንጂ ሌላው ጤና ነው። ሰላምታዬ እዚህ ላይ አበቃ። አሁን ቁጭ በልና ይህን ወረቀት እስከ መጨረሻው አንብበው። እሁድ ስደውልልህ ገና ነገሩን ከመጀመሬ «አይሰማም፣ ድምፅሽ ይቆራረጣል» ብለህ ዘጋህብኝ። ወረቀት አይቆራረጥም።

የዚያኑ ዕለት ጠዋት ከእማዬ ጋር ስናወራ የአባዬን መንዳት ማቆም አነሳች። «ያው ዕድሜ ነው እንጂ መኪናዋስ ምንም አልነበራትም። እንዲያውም ወንድምሽ ያን የሚያፏጨውን ነገር በግራሶ ጸጥ አድርጎላት ነበር፤ ባለሙያ ወጥቶታል» አለችኝ፣ ያውም በኩራት። ምኑ ነው የሚያፏጨው ብዬ ጠየቅኳት። ፍሪሲዮን ሲረገጥ ነው አለች። ደሜ ፈላ። ስልኩን እንዴት እንደዘጋሁት አላውቅም፤ ወዲያው ነው ለአንተ የደወልኩት።

አንተ ልብ አውልቅ! ያ የሚያፏጨው የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ፣ ተሽከርካሪው የብረት ቀለበት ነው። ፔዳሉን ስትረግጥ ሄዶ የሚገፋው እሱ ነው። ግራሶው ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ ውስጡ ታሽጓል፤ ከውጭ ብትለቀልቀው ወደ ውስጥ ጠብ የሚል ነገር የለም። ሲሽከረከር ግን የለቀለቅከውን ሁሉ ዙሪያውን ይረጨዋል፣ የሚያርፈውም የሞተሩን ጉልበት ወደ ጎማ የሚያስተላልፈው ዲስክ ላይ ነው። ዲስክ የሚይዘው ደረቅ ሲሆን ነው። ቅባት ከነካው ይንሸራተታል፤ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናዋ አትሄድም፣ የተቃጠለ ነገር ይሸታል። አባዬ አቀበቱ ላይ የደረሰበት ይኸው አይደለም እንዴ?

መቀባትህን እንኳ ይቅር እልህ ነበር። እኛ ቤት የጮኸ ነገር ሁሉ ይቀባል። በሩ ጮኸ፣ ግራሶ። የእማዬ የስፌት መኪና ጮኸች፣ ዘይት። የአክስታችን አልጋ ጮኸ፣ ግራሶ፤ አንሶላዋ እስከ ዛሬ አልለቀቀም። ሳያውቅ ነው ብዬ አልፈው ነበር።

ግን ታውቅ ነበር! አባዬ አቀበቱ ላይ ከመቅረቱ ከአራት ቀን በፊት፣ ቅዳሜ፣ መኪናዋን ይዘህ ስትዞር ውለህ፣ ማታ ደውለህ «እትዬ፣ ዲስክ ላይ የተረጨ ግራሶ በምን ይለቃል?» ብለህ አልጠየቅከኝም? የማን መኪና ነው ስልህ «የጓደኛዬ» አልክ። አይለቅም፣ ዲስኩ ጠጥቶታል፣ እስኪቀየር አቀበት እንዳይወጣ ንገረው አልኩህ። እሺ ብለህ ዘጋህ። ከዚያ ዝም ጭጭ ብለህ አባዬን፣ እማዬን አጠገቡ እንዳስቀመጠ፣ ወደዚያ አቀበት ሸኘኸው። ፍሬኑ በመጨረሻ ባይዝለት ኖሮ ዛሬ የምጽፍልህ ሌላ ደብዳቤ ነበር።

መኪናዋ ወደ ኋላ ተንሸራታ የጎረቤታችንን የአናጢውን አጥር ስትሰብር ሮጠህ ደርሰሃል አሉ። አባዬ «ፍሪሲዮኑ አልያዘልኝም» ሲል ሰምተሃል። ከአናጢው ጀምሮ ሰው ሁሉ ሰበብ ነው፣ እግሩ ደክሟል፣ ከእንግዲህ መንዳት ይቅርበት ሲል አንተም ራስህን ነቅንቀሃል። ዓይንህን በጨው አጥበህ! ሠላሳ አንድ ዓመት የነዳ ሰው እኮ ነው። መንገድ ተዘግቶ ሲጠብቅ እንኳ ማርሹን ነፃ አድርጎ እግሩን ከፔዳሉ ያነሳል፤ እኔንም ያስተማረኝ እንደዚያ ነው። ኩሽኔታው በማን እግር እንደተበላ ልንገርህ? ቅዳሜ ቅዳሜ እየተዋስክ ፔዳሉን እንደ ትራስ ተደግፈህ በምትነዳው በአንተ ነው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ደግሞ የራሴ ነው። ፍሪሲዮን ስፈታና ስገጥም ዘጠኝ ዓመት የሞላኝ መካኒክ፣ የተቃጠለ ሸቷል ወይ ብዬ እንኳ ሳልጠይቅ የሰፈር ወሬ አመንኩ። ደውዬ «አባዬ፣ በቃህ፣ ቁልፉን ለእማዬ ስጣት» አልኩት። «ፍሪሲዮኑ እኮ...» ብሎ ጀምሮ ነበር፤ አቋረጥኩት። ምላሴን በቆረጠው! በትንሹም በትልቁም ሲከራከረኝ የኖረ ሰው «እሺ ልጄ» ብቻ አለኝ። አሁን ወንበሩን በር ላይ አውጥቶ የሰው መኪና ማርሽ ሲቀይር ሲያዳምጥ ይውላል አሉ። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ግራ እግሩን ዘርግቶ «ጉልበት አጥቷል፣ እስቲ እሺልኝ» ይላታል እማዬን። ምንም ያልሆነ እግሩን!

ደብዳቤውን የሚሰጥህ የአውቶቡስ ሹፌር አንድ ካርቶን ይዞልሃል። ዲስክና ኩሽኔታ አለበት፤ ካምቢዮው፣ የማርሽ ሳጥኑ፣ ወርዶ ሁለቱም አብረው ይቀየራሉ። ከሞተሩ ጀርባ ያለውን የዘይት መከልከያ ጎማ እየው፤ ዘይት ካንጠባጠበ እሱንም ቀይረው፣ አለዚያ አዲሱም ዲስክ ከዚያ በኩል ዘይት ይጠጣል። ዲስኩ የሚያርፍበትን ብረት በቤንዚን በራሰ ንጹሕ ጨርቅ ጥረግ። ሱሪህ ላይ በጠረግከው እጅህ እንዳትነካው! ግራሶ የሚነካው ዲስኩ ወዲያ ወዲህ የሚልበትን የዘንጉን ጥርስ ብቻ ነው፣ ያውም በጣት ጫፍ፤ የተረፈው ይጠረግ። ግራሶህን ልትከት ከካምቢዮው ላይ ያወለቅከውን የጎማ ሽፋን የት እንደወረወርከው ስለማታውቅ አዲስ ጨምሬልሃለሁ፤ በከፈትከው ቀዳዳ አቧራና ዝናብ ሲገባ ነው የከረመው። ፔዳሉ ሲረገጥ መጀመሪያ ሁለት ጣት ያህል ባዶውን ይውረድ፤ ኩሽኔታው ያለ ሥራው እንዳይሽከረከር። ደግሞ ብቻህን እንዳትጀምር። አባዬ አጠገብህ ይቀመጥ፣ እሱ ይዘዝህ፣ አንተ ታዘዝ።

ከዚያ በፊት ግን አናጢውም፣ እማዬም፣ አክስታችንም፣ የዚያን ቀን አፉን የከፈተ ጎረቤት ሁሉ ባለበት ትናገራለህ። ግራሶውን የቀባሁት እኔ ነኝ፣ አውቄም ዝም አልኩ በል። ጥግ ጠርተህ በጆሮው ብታንሾካሹክለት አልሰማህም፤ አርጅቷል የተባለው በአደባባይ ነው። ቁልፉንም ከእማዬ ቁም ሣጥን አውጥተህ፣ እዚያው ሰው ፊት፣ በሁለት እጅህ ትሰጠዋለህ።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ፤ አንተን በማመኗ በራሷ እንዳትናደድ ንገራት። አክስታችንን የዓይን ጠብታውን እንዳታቋርጥ ንገራት፣ ናፍቃኛለች። ለአናጢው ሰላምታ የለኝም፤ አጥሩን ግን አንተው በእጅህ ትጠግንለታለህ። አንተንም፣ ምን አደርግሃለሁ፣ ወንድሜ ነህ፣ ጤናህን ጠብቅ።

አባዬን ሰላም እንዳትልልኝ። እግሩ ላይ ወድቄ የምለምነው ይቅርታ አለኝ፣ እሱን በሰው አልልክም። የሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ በዚሁ አውቶቡስ እመጣለሁ። ከመናኸሪያ አባዬ ይወስደኛል፤ እሱ እየነዳ፣ እኔ አጠገቡ ሆኜ፣ በአቀበቱ በኩል።

ታላቅ እህትህ

ከጋራዡ በላይ ካለችው ክፍሌ
ማክሰኞ፣ ወሩ በገባ በሰባተኛው ቀን