ሙያቸውን ሰጥተው ልጆቻቸውን ያስቀሩት የአቶ ማለደ ይኄይስ የሕይወት ታሪክ

አቶ ማለደ ይኄይስ ከአባታቸው ከአቶ ይኄይስ ስመኘው እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ድንቅነሽ አስፋ፣ በጎንደር፣ በደንቢያ፣ ከመገጭ ወንዝ ማዶ ባለች አንዲት የቤተ እስራኤል መንደር ተወለዱ። የተወለዱበትን ቀን የጻፈው የለም። እናታቸው «ጣልያን በወጣ ዓመት፣ ጤፍ ሲታጨድ» ይሉ ነበር፤ ሽማግሌዎች ሲያሰሉት 1934 ዓ.ም. ይሆናል። እዚህ ቅድስት አገር ሲገቡ ግን መታወቂያውን የሞላው ጸሐፊ ሽበታቸውን አይቶ ስምንት ዓመት ጨመረባቸው። እሳቸውም «ዕድሜ ሲሰጡት እምቢ የሚል የለም» ብለው ስቀው ተቀበሉት።

አባታቸው ማረሻና ማጭድ በመሥራት በአካባቢው የታወቁ ባለ እጅ ነበሩ። አቶ ማለደ የበኩር ልጅ በመሆናቸው ከሰባት ዓመታቸው ጀምሮ በወናፍ ሥራ አደጉ። ወናፍስ ማንም ይነፋል። አባት ለልጃቸው ያወረሱት ትልቁ ነገር መስማት ነበር። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረው ያቆሙትና ብረቱን በመዶሻ መታ እያደረጉ «ይኸ ጤነኛ ነው ሕመምተኛ?» ብለው ይጠይቁታል። «ብረት ከመሰበሩ በፊት ይናገራል፤ የሚሰማው ታጥቶ ነው እንጂ» ይሉም ነበር። አቶ ማለደ አሥራ ሦስት ዓመት ሳይሞላቸው ገበሬው ሁሉ ማረሻውን ለአባትየው ሳይሆን ለልጁ ጆሮ ይዞ ይመጣ ጀመር።

እሳቸው ራሳቸው የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጡም። አሥራ ስድስት ዓመት የሚያንሳቸውን ወንድማቸውን ደምለውን ግን ወናፉ አጠገብ ድርሽ እንዳይል ከለከሉት፤ በመዶሻቸው ባገኙት ገንዘብም ጎንደር ከተማ አስቀምጠው እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል አስተማሩት። ይህን ታሪክ የጻፈው እሱ ነው። ሰው ሲሞት መልአክ ማድረግ ልማድ ነው። ወንድምየው ግን የሚጽፈው ያየውን ብቻ ነው፤ ያየውም ሳይጨምሩበት የሚያስደንቅ ሆኖበታል።

አቶ ማለደ በ1961 ዓ.ም. ከወይዘሮ ማንአለብሽ ጌታው ጋር ጋብቻ መሥርተው ሦስት ሴቶች ልጆች አፈሩ፤ ይሻሽን፣ ብዙወርቅንና ዛሬ ኤስቲ የምንላትን አስቴርን። እ.ኤ.አ. በ1983 ዓ.ም. ቤተሰቡ በሌሊት ተነሥቶ ወደ ሱዳን በእግሩ ጉዞ ጀመረ። ስለዚያ መንገድ እዚህ ለተሰበሰባችሁት መናገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ወይዘሮ ማንአለብሽ በስደተኞች ሰፈር ታመው በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ዐረፉ። በመጨረሻዋ ቀን ባለቤታቸውን «አደራ፣ ልጆቼን እንዳይበትኑብኝ» አሏቸው። አቶ ማለደም እጃቸውን ይዘው ቃል ገቡ።

እ.ኤ.አ. በየካቲት 1984 ከልጆቻቸውና ከወንድማቸው ጋር ቅድስት አገር ገቡ። በመርከዝ ቅሊጣ፣ ማለትም በአዲስ ገቢዎች መቀበያ ሰፈር፣ ጥቂት ወራት ቆይተው ቂርያት ጋት ከተማ ውስጥ በአራተኛ ፎቅ ላይ ቤት ተሰጣቸው። በመስከረም ወር በኢንዱስትሪው ቀጠና ባለ አንድ የክር ፋብሪካ በጽዳት ሥራ ተቀጠሩ።

እ.ኤ.አ. በየካቲት 1985 መጥረጊያቸውን ይዘው በማሽኖቹ መካከል ሲያልፉ ከሰባተኛው ማሽን ፊት ተገትረው ቀሩ። የመጥረጊያውን እንጨት አንዱን ጫፍ ማሽኑ ላይ፣ ሌላውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ጥቂት አዳመጡና የፈረቃውን ኃላፊ ሺሞንን እጁን ይዘው ጎትተው አመጡት። «ሎ ቶቭ» አሉት፤ ጥሩ አይደለም ማለታቸው ነው። ሺሞን ከሞሮኮ የመጣ፣ ድምፁ ከማሽኑ የሚበልጥ ሰው ነው፤ ጮኸባቸው። እሳቸው ፍንክች አላሉም። ቢቸግረው ማሽኑን አስከፈተው። ዘንጉ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ፀጉር በምታህል መስመር ተሰንጥቆ ተገኘ። ጥቂት ቀን ቢቆይ ኖሮ ማሽኑ እንዳለ ይሰባበር ነበር። ሺሞን መጥረጊያውን ከእጃቸው ተቀብሎ ራሱ ግድግዳ ላይ አስደገፈው። ከዚያ ቀን ወዲህ መጥረጊያ አልያዙም፤ ማሽኖቹን እያዳመጡ የጥገና ክፍሉ ኃላፊ ሆኑ።

እኛ ዘመዶቻቸው ኮራን። የኮራነው ግን ሳናስብ ነው። ፋብሪካው ያን ጆሮ ካገኘ በኋላ ሊለቀው አልፈለገም። አቶ ማለደ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ማታ አራት ሰዓት፣ ሁለት ፈረቃ በላይ በላዩ ይሠሩ ጀመር። ዓርብም ቢሆን ሰንበት ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ነበር የሚለቋቸው። የአሥራ አራት ዓመቷ ይሻሽ ምግብ አብሳይ፣ ልብስ አጣቢ፣ የእህቶቿም እናት ሆነች፤ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ከትምህርት ቤት ትቀር ነበር። ትንሿ ኤስቲ ሰንበት ጠዋት ከእንቅልፏ ስትነሣ መጀመሪያ የምትጠይቀው «አባዬ፣ ዛሬ የኛ ነዎት?» ብላ ነበር። እሳቸው ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር።

በጥር 1986 ከማዘጋጃ ቤቱ የቤተሰብ ጉዳይ የምትከታተል አንዲት ሶሲያል ሠራተኛ ወደ አራተኛው ፎቅ መጣች። ክፉ ሰው አልነበረችም፤ እንዲያውም ስትናገር ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ቀን ሙሉ ትልቅ ሰው በሌለበት ቤት ሦስት ልጆች ሊያድጉ አይገባም አለች። ሁለቱ ትልልቆቹ በተለያዩ ከተሞች ፕኒሚያ፣ ማለትም አዳሪ ትምህርት ቤት እንዲገቡ፣ ኤስቲም አሳዳጊ ቤተሰብ ዘንድ እንድትቀመጥ ሐሳብ አቀረበች። አባትየው ከሰዓት በኋላ ቤት የሚገኙ ከሆነ ግን ነገሩ እንደሚቀር ተናገረች። ቀነ ገደቡም ፋሲካ ሆነ።

ይህን ሁሉ ሲያስተረጉም የነበረው ደምለው ነው። ሠራተኛዋ ከወጣች በኋላም ከእሷ ጋር እንደሚስማማ ለወንድሙ በግልጽ ነገራቸው። ፕኒሚያ ጥሩ ትምህርት አለው፣ እርስዎም ሥራዎን አያጡም አላቸው።

በነጋታው አቶ ማለደ ደምለውን ይዘው ወደ ሺሞን ሄዱ። «ሦስት ሰው ስጠኝ» አሉት በአስተርጓሚያቸው። «እስከ ፋሲካ እኔ የምሰማውን ይሰማሉ። ከሰሙ ከስምንት ሰዓት በኋላ አትፈልገኝ።» ሺሞን መጀመሪያ አልገባውም። ከገባው በኋላ ወደ ደምለው ዞሮ «ሰው ሁሉ ቦታውን እንዳያጣ ሙያውን ይደብቃል። ወንድምህን ምን ነካው?» አለ።

ደምለውም የጠየቀው ይህንኑ ነበር፤ እሱ ግን በቁጣ ነው። አውቶቡስ ሲጠብቁ ቆመው «ጋሼ፣ ሙያ በልብ ሲባል አልሰሙም? የአባታችንን እጅ ለኔ ለወንድምዎ ያላሳዩኝን፣ ለማናውቃቸው ሰዎች ሊያከፋፍሉት ነው?» አላቸው።

አቶ ማለደ ሲቆጡ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር። «አንተን ከወናፍ ያራቅሁህ ተማር ብዬ ነው፤ ቅር ብሎህ ከሆነ ይቅር በለኝ» አሉት። «የአባታችን እጅ ብሰጠው አያልቅብኝም። ልጆቼን ከሰጠሁ ግን ማን ይመልስልኛል?» ደምለው ያን ቀን ያፈረውን እፍረት እስካሁን አልረሳውም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ፋብሪካው ውስጥ ያየ ሁሉ ይመሰክራል። የተሰጧቸው ሦስት ሰዎች አንዱ ከሞሮኮ፣ አንዱ ከጆርጂያ፣ አንዱ ከሮማኒያ የመጡ ነበሩ። አቶ ማለደ የሚያውቁት ዕብራይስጥ ከአርባ ቃል አይበልጥም፤ ለማስተማር የተጠቀሙት ግን ሁለቱን ብቻ ነው። ጤነኛና የተሰነጠቀ ኩሽኔታ ጠረጴዛ ላይ ይደረድራሉ፣ ሰዎቹን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሯቸዋል፣ መታ ያደርጋሉ። «ቶቭ? ሎ ቶቭ?» ሲሳሳቱ እንደገና፣ ሲያገኙም እንደገና። ሦስት ወር ሙሉ የምሳ ዕረፍታቸውን በዚህ ጨረሱት። ሮማኒያዊው ሰውዬ በገና የተጫወተ ጆሮ አለኝ ብሎ ሲኩራራ ሁሉም ቀድመውት ሄዱ፤ በመጨረሻ እሱም ደረሰ።

ፋሲካ ሊገባ አምስት ቀን ሲቀረው፣ የጆርጂያው ሰው ከሦስተኛው ማሽን ፊት ቆሞ እጁን አነሣ። አቶ ማለደ በዚያው ማሽን አጠገብ አልፈው ምንም አላሉም ነበር። ሲከፈት ስንጥቁ ተገኘ። ሰምተው ዝም ብለው ይሁን፣ ወይም በእርግጥ ሳይሰሙት ቀርተው ይሁን፣ ደምለው ደጋግሞ ጠይቋቸው አልነገሩትም። ሺሞን ቃሉን ጠበቀ። የጥገና ክፍሉን ኃላፊነት ለሞሮኮው ተማሪያቸው ሰጠ፣ ለአቶ ማለደም ከአሥራ ሁለት እስከ ስምንት ሰዓት ያለውን ፈረቃ ብቻ ጻፈላቸው። ደመወዛቸው ቀነሰ፣ ማዕረጋቸውም ሄደ። እሳቸው ግን በዚያ ቀን ደረጃውን እስከ አራተኛ ፎቅ ሲወጡ ጎረቤት እስኪደነግጥ ድረስ ይዘፍኑ ነበር።

ከሚያዝያ ጀምሮ ከሰዓት በኋላው ሁሉ የልጆቹ ሆነ። እውነቱን ለመናገር፣ የሠሩት ወጥ አይበላም ነበር፤ ልጆቹ ግን ይበሉት ነበር። ምሳ ሲነሣ ደብተር ይወጣል። ፊደል የማይለዩት አባት ሦስቱንም በየተራ ጮክ ብለው ዕብራይስጡን እንዲያነቡ ያደርጋሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡና «እዚህ ላይ ድምፅሽ ተሰነጠቀ፤ ድገሚው» ይላሉ። ልጂቱ ስታየው በእርግጥም የተሳሳተችው እዚያ ላይ ነው። ኤስቲ አባቷ ዕብራይስጥ ማንበብ የሚችሉ ይመስላት ነበር። ብዙወርቅ በሰኔ ወር ከክፍሏ በንባብ አንደኛ ወጣች፤ ይሻሽ ከሚያዝያ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ አልቀረችም። ሶሲያል ሠራተኛዋ በሐምሌ መጥታ ሻይ ጠጥታ፣ ንባቡንም አዳምጣ፣ መዝገቧን ዘግታ ሄደች።

በጥቅምት 1986 አቶ ማለደ ሆዳቸውን ያማቸው ጀመር። ሐኪሞች በሽታው ጉበታቸውን እንደያዘውና እንደቆየ ተናገሩ። በሆስፒታል በተኙበትም የንባቡ ሰዓት አልተቋረጠም። ልጆቹ ከትምህርት ቤት በቀጥታ በአውቶቡስ እየመጡ በአልጋቸው ዙሪያ ያነቡላቸው ነበር። በመጨረሻዎቹ ቀናት መናገር ሲያቅታቸው፣ ስሕተት በሰሙ ጊዜ ጣታቸውን ያነሡ ነበር። ማክሰኞ ዲሴምበር 9 ቀን 1986 ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ኤስቲ እያነበበች፣ ጣታቸው ሳይነሣ ቀረ። በአርባ አምስት ዓመታቸው ዐረፉ።

ደምለው ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ያለውን ጊዜ ሲያስበው፣ ያን የሚያህል ሙያ ለሰባት ወር ተለወጠ ብሎ መቈጨት ይቃጣዋል። ልጆቹን ሲያይ ግን ቁጭቱን ይተወዋል። አንዲት ቀን እንኳ የባከነች አልነበረችም፤ የሚያስደንቀውም ይኸው ነው።

አቶ ማለደ ሦስት ሴቶች ልጆቻቸውን ይሻሽን፣ ብዙወርቅንና ኤስቲን፣ ታናሽ ወንድማቸውን ደምለውን፣ እንዲሁም ዛሬ ከቤተሰቡ እኩል ከሬሳው ሥር ገብተው የተሸከሙትን ሦስት ተማሪዎቻቸውን ትተው አልፈዋል።

ትናንት ማምሻውን ያቺው ሶሲያል ሠራተኛ ልታጽናና መጥታ፣ የዘጋችውን መዝገብ መልሳ ለመክፈት እንደምትገደድ በሐዘን ተናግራለች። እሷም እዚህ ከኛ ጋር ቆማለችና ትስማ። ደምለው ከስምንት ሰዓት እስከ ማታ የሚሠራበትን ፈረቃ ትቶ ወደ ጠዋቱ ተዛውሯል፤ ጠዋት ጠዋት ይማረው የነበረውን የኤሌክትሮኒክስ ኮርስ አቋርጧል። ሰባቱ የሐዘን ቀን ሲያበቃ አራተኛ ፎቅ ገብቶ ይኖራል። ሚስት አላገባም፣ ወጥ መሥራት አይችልም፣ የወንድሙም ጆሮ የለውም። ይህን በቄሶቻችን፣ በሕዝቡና በወንድሙ አስከሬን ፊት የሚያነበው ነገ ሲደክመው መመለሻ እንዳይኖረው ብሎ ነው። ልጆቹ አይበተኑም።

የአብርሃም፣ የይስሐቅና የያዕቆብ አምላክ የአቶ ማለደን ነፍስ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ማንአለብሽ ነፍስ ጋር በደጋጎቹ ማረፊያ ያገናኝልን። ለቀረነውም አደራ የመቀበያ ጉልበት ይስጠን። አሜን።