ፍል ውሃውን ያየችው ዝንጀሮ

ሳቂታዬ፣ እንደምን ከረምሽልኝ? እኔማ በንዴት ልፈነዳ ነው! ከመሬት ወደ ሰማይ የሚወረወረውን ፍል ውሃ ለማየት፣ ፀሐይ አናት አናታችንን እያለችን ግማሽ ቀን ጠበቅን። እኔ የተቀመጥኩበት አግዳሚ ወንበር ላይ የአንድ ሰው ቦታ ቀርታለች። አክስቴና ሽማግሌው ሾፌራችን ለውሃው ጀርባቸውን ሰጥተው እዚያች ቦታ ፊት ቆመው ጀመሩልሽ።

«በሞቴ ይቀመጡ!»

«ኧረ እርስዎ ቆመው!»

«አፈር ስሆን!»

ይገላግለናል ብዬ እኔም ቦታዬን ብለቅላቸው፣ አክስቴ «አንቺማ አትነሺም!» ብላ እጄን ትጎትት ጀመር። ስንጓተት ከኋላችን እሽሽሽ የሚል ድምፅ ሰማን። ዞር ስንል እንፋሎት ብቻ! ውሃው ወጥቶ፣ ወርዶ፣ አልቋል። የሰፈራችን የፈነዳ ቧንቧ በስንት ጣዕሙ፣ እሱ እንኳ ቀኑን ሙሉ ይረጫል።

ይባስ ብሎ እኔ በለቀቅኩት ቦታ አንዲት ዝንጀሮ፣ ማንም ሳይለምናት፣ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች። ፊቷ ወደ ፍል ውሃው ነው። ሁሉንም አይታለች!

ፖስት ካርዱ ላይ መጻፊያ ቦታ አለቀብኝ። እማማንና ልጆቹን ሳሚልኝ። ስመጣ ገና «ተቀመጪ» ስትዪኝ ዘጭ ነው የምለው፤ ከእንግዲህ መግደርደር በቃኝ።