የታችኛው መደርደሪያ ቃሪያዎች

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 30። ከቀኑ 11 ሰዓት

ዛሬም ቆመዋል። ሦስተኛ ቀን። ዘምዘም ፕሮትራክተሯን ይዛ ፊታቸው ተንበርክካለች፤ ገብቼ ስወጣም አላየችኝ።

አንቺ አዲስ ደብተር ነሽና ሰፈሩን ላስተዋውቅሽ። ዘምዘም ጎረቤቴ ናት፤ የሚለየን አንድ ግድግዳ ነው። ከዚህ ወጣ ብላ ያለችው የዲጋ ልጅ። ወላጆቿ በዚያ በድርቁ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ የመጡ። ኦሮምኛ እንደ ውሃ ትጠጣዋለች፣ ስትናደድ ግን የእናቷ ወሎዬ አማርኛ ያመልጣታል። እዚሁ ነቀምቴ ያለው ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት፤ የዕፀዋት ተማሪ። ለመመረቂያዋ ሃያ አራት የቃሪያ ችግኝ ክፍሏ ውስጥ ታሳድጋለች። ፀሐይ የሚባል ሳያዩ፣ በመብራት ብቻ። ሐምራዊ መብራት። የባጃጅ ልጆች ግቢያችንን «ናይት ክለቡ ጋ ወራጅ አለ» ማለት ከጀመሩ ቆዩ።

መደርደሪያው ሁለት ደርብ። ለላይኞቹ አሥራ ሁለት መብራቱ ስንዝር ላይ፣ ለታችኞቹ ክንድ ሙሉ ርቆ። ዘም ከክፍል ስትመለስ ቅጠሉ ስንት ዲግሪ እንደተነሣ ትለካለች፣ ትጽፋለች። ጥናቱ ይኸው ነው። ታዲያ ከታችኞቹ ስድስቱ፣ ከ13 እስከ 18 ቁጥር፣ እስካለፈው ሳምንት ቅጠላቸውን ዘርግተው የነበሩ፣ ድንገት ቀጥ ብለው ወደ ላይ ቆሙ። የተማጸነ መዳፍ ይመስላሉ። አጠገባቸው ያሉት ስድስቱ ደህና። አንድ አፈር፣ አንድ ውሃ፣ አንድ መብራት!

በሚቀጥለው ዓርብ መምህሯ መጥቶ ያያል። ካበላሸች ዘንድሮ አትመረቅም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 2። ከቀኑ 10 ሰዓት

ምርመራ ዋልን። እኔ አሽከር፣ ዘም ሐኪም።

ጥም? አይደለም። የተጠማ ቅጠል እንደ እርጥብ ጨርቅ ይንጠለጠላል አለችኝ። ውሃ በዛበት? ያ ደግሞ ያብጥና እንደ ጥፍር ወደ ታች ይቆለመማል። እነዚህ ሁለቱንም አይደሉም። ሙቀት? የእጇን ጀርባ መብራቱ ሥር አድርጋ ቆየች። ምንም። «ወላሂ መብራቱ ቢሆን ላይኞቹ ነበሩ የሚቀድሙ!» እውነቷን ነው።

ደግሞ ያብለጨልጫሉ። ስትነካቸው ያዳልጣሉ። ክሽክሽ የሚሉት ተባይ ነው ብላ ደነገጠች፤ ተባይዋ ቅጠል ላይ ማር የመሰለ ነገር ትተዋለች አሉ። በማጉያ መነጽር ቅጠሉን ገልብጣ አየች። አንዲት ተባይ የለችም። እኔ አመድ ነስንሺበት ብዬ መከርኩ፣ የመጽሔት ዓምዴ አንባቢዎች ሁሌ የሚጽፉልኝ እሱን ነው። የሳቀችው ሳቅ! እሱስ ደስ አለኝ፣ ከሳቀች ሰንብታለች።

አ.ዲ. በር ላይ ቆማ ታየን ነበር። አ.ዲ. ማለት አዴ ዲንቂቱ፣ የግቢው እመቤት፣ አከራያችን። እነዚያን የታችኞቹን ለምንድነው መብራት የምትነፍጓቸው፣ የእንጀራ ልጅ ናቸው ወይ አለች። ዘም ይህ ጥናት ነው፣ አንዱ ብዙ ያገኛል፣ አንዱ ጥቂት፣ ከዚያ ይወዳደራል ብላ በኦሮምኛ አስረዳቻት። «ማስራብም ጥናት ሆነ?» ብላ ሄደች። ሳቅን።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ በኛ መካከል ይቅር። ዘም ያለችበት ክፍል የአ.ዲ. ልጅ የሌንሴ ነበር። ሌንሴ አምና ሽማግሌ ሳይላክ፣ ራሷ ከመረጠችው ጋር አርጆ ሄደች። እናት ሠርጉን አልረገጠችም። ከሦስት ሳምንት በፊት ሌንሴ ሴት ልጅ ወለደች። ወሬውን ያመጣው ሚኒባስ ሹፌር ነው። አ.ዲ. ሽንኩርት እየላጠች ነበር። «ሰማሁ» ብላ መላጧን ቀጠለች። ከዚያ ወዲህ የሌንሴ ስም ግቢው ውስጥ አልተጠራም። እኔ በሰው ወሬ እንጀራ የምበላዋ እንኳ አንድ ቃል አላወጣሁም።

ሰኞ፣ ግንቦት 4። ከቀኑ 12 ሰዓት

ባሰ። 14 እና 17 ላይ ቡናማ ነጠብጣብ። የተቃጠለ። ዘም ምሳ አልበላችም። ማዳበሪያውን አሳስቼ ለክቼ ይሆን እያለች ደብተሯን ከኋላ ወደ ፊት ትገልጣለች። አባቷ ደውሎ ነበር፤ ከአሁኑ «ምሩቋ» ነው የሚላት። ስልኩን ዘግታ ወደ ደብተሯ ተመለሰች።

መጽሔቱም ይጨቀጭቀኛል። የዚህ ወር ዓምዴ ባዶ።

ግን ሁለት ነገር አየሁ። አንድ፣ ዘም እያንዳንዱ ኩባያ ላይ ቁጥር ጽፋለች፣ ቁጥሩ ሁሌ ወደ በሩ ነው የሚዞረው። ዛሬ ከ13 እስከ 18 ያሉት አንዱ ወደ ግድግዳ፣ አንዱ ወደ መስኮት። አልነካኋቸውም ብላ ማለች። ሁለት፣ ጎንበስ ስል ሸተተኝ። ይህን ሽታ አውቀዋለሁ። ከየት እንደሆነ ጠፋኝ።

ዘም ጠዋት 1 ተኩል ትወጣለች። እኔ (አታውሪብኝ) እስከ 4 ሰዓት እተኛለሁ። በዚያ መሃል ማን ይገባል? ነገ ገና በጠዋት እነሣለሁ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5። ጠዋት 3 ሰዓት

አየሁ። መጋረጃ ገልጬ።

2 ሰዓት ላይ አ.ዲ. በራሷ ቁልፍ ከፍታ ገባች። ስድስቱን በሰፌድ ደርድራ ወጣች። ሰፌዱ የሚይዘው ስድስት ነው፣ ለካ ለዚህ ነው ስድስት! ፓፓያው አጠገብ፣ ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ሥር በርጩማ ላይ ተቀመጠች። እግሯን ዘረጋች። ሰፌዱን ጭኗ ላይ። ከጉያዋ ትንሽ ጠርሙስ አውጥታ መዳፏ ላይ ጠብ አደረገች፣ ከዚያ ቅጠል በቅጠል በአውራ ጣቷ ቀባቻቸው። ቀስ ብላ። እያወራቻቸው። ነፋስ ሲመጣ በነጠላዋ ጫፍ ትጋርዳቸዋለች።

ሽታው ያኔ ገባኝ። የሕፃን ቅባት። ልጅ ቀብተው ጠዋት ፀሐይ የሚያሞቁበት። በጥር አብረን ገበያ ወጥተን ነው የገዛችው፣ ለጉልበቴ ነው ብላኝ። ላዩ ላይ የሕፃን ሥዕል ያለበት የጉልበት ቅባት! ሌንሴ ያኔ ነፍሰ ጡር ነበረች። እናትየው ታውቅ ነበር።

ካወጣቻቸው አንድ ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው መልሳ አስገባቻቸው። ወጥቼ ላስቆማት ይገባኝ ነበር። መጋረጃውን መልሼ ዘጋሁ።

ያው ቀን፣ 11 ሰዓት

ለዘም ነገርኳት። ምን ላድርግ? ሦስት ቀን ነው የቀራት።

በለዘበ ቃል የምነግራት መስሎኝ ነበር። ጨርሼ ሳልነግራት ሮጠች። ግቢው መሃል ቆማ በኦሮምኛ ጮኸች፣ የአራት ወር ልፋቴን፣ የአባቴን ተስፋ። በመጨረሻ ያ አማርኛዋ አመለጣት፤ ከኦሮምኛው «አዮ»፣ እናቴ፣ ብቻ ቀርቶ፦ «አዮ፣ የሚሞቅ ልጅ ከፈለጉ አርጆ አለልዎት!»

አ.ዲ. የክፍሉን ቁልፍ ከወገቧ ፈታ የዘም ደጃፍ ላይ አስቀመጠችላት። ገባች። በር ተዘጋ።

ዘም አሁን አጠገቤ ቁጭ ብላ ታለቅሳለች። ለችግኙ ይሁን ለተናገረችው፣ አላውቅም። እሷም የምታውቅ አይመስለኝም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6። ከቀኑ 9 ሰዓት

ዛሬ በዚህ ግቢ «አካም ቡልቴ»፣ እንዴት አደርሽ፣ ያለኝ የለም። እዚህ ከገባሁ የመጀመሪያዬ ነው። ጠዋቱ ጎደሎ ሆነብኝ።

ዘም በለብታ ውሃና በጥጥ ቅጠሎቹን ታጥባለች። ምርመራው አሁን ግልጽ ነው አለችኝ። ፀሐይን የማያውቅ ቅጠል ድንገት ስትመታው ጠርዙን ይሰጣታል፣ ሰፊው ጎን እንዳይቃጠል። መቆማቸው ሽሽት ነው። ቅባቱ ደግሞ መተንፈሻቸውን ደፈነው። ከጫፍ የሚወጣው አዲስ ቅጠል ግን ደህና ነው። እያጠበች ሳለ ዝቅ ብላ፣ ማንም እኮ እንደዚህ ተጠንቅቆ አይቀባም አለች።

ዓምዱን ጻፍኩ። «ቃሪያ የቀቡት እናት»። በአንድ ሰዓት ውስጥ ተቀምጬ ጨረስኩት። የዓመቱ ምርጥ። ስም ቀይሬያለሁ፣ ከተማ ቀይሬያለሁ። አልላክሁም። ነገ።

ዓርብ፣ ግንቦት 8። ከቀኑ 10 ሰዓት

መምህሩ መጣ። ዘም አንድም ሳትደብቅ ተናገረች። ሰውየው መጀመሪያ ሳቁን በጢሙ ውስጥ ደበቀው። አከራይዋን ላናግር አለ።

አ.ዲ. የቸርች ቀሚሷን ለብሳ ወጣች፣ ፍርድ ቤት የምትቀርብ መስላ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ልጅቷን አትንኳት፤ ታች ያሉት ብርሃን ሲጎድልባቸው አላስችል አለኝ አለች። መምህሩ ቅጠሎቹን ገልበጥ አድርጎ አየና ዘምን ስድስቱን ከቁጥሩ አውጪ፣ በቀሩት ጨርሺ፣ የሆነውንም እንደሆነ ጻፊ አላት። ዘንድሮ ትመረቃለች!

እሱ እንደወጣ ዘም ሄዳ የአ.ዲ.ን ጉልበት ሳመች፤ ስለ ማክሰኞው አፏ ይቅርታ ስትል። አ.ዲ. አነሣቻት።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ የተናገርሽው እውነት ነው። ነገ ቅዳሜ አይደል? ትምህርት የለሽም። አድርሺኝ።»

ዘም የት አለቻት።

«አርጆ። ቤቱን አላውቀውም። አንድም ቀን በሩን አላየሁት።»

ብቻዬን ማን ነኝ ብዬ አንኳኳለሁ፣ አፈርኩ አለች። ከነቀምቴ አርጆ ስንት ነው? ይህች ሴት ዓመት ሙሉ የልጇን በር አታውቅም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9። ጠዋት 1 ሰዓት

ባጃጁ ተጠርቷል፣ እስከ መናኸሪያ። አ.ዲ. ቅቤውን፣ ማሩን አሰናድታለች። ጠርሙሱን ሦስቴ ከቅርጫቱ አወጣች፣ ሦስቴ መለሰች። በግማሽ የጎደለ ስጦታ ይዤ እንዴት አራስ ቤት እገባለሁ ትላለች። ዘም ይያዙት፣ የት እንደጎደለ እኔ እነግራታለሁ አለቻት። ሌላም ጨመረችላት፣ 16 ቁጥርን ከነኩባያው። ከጥናቱ ስለወጣ ነጻ ነው አለች። ሁለት አዲስ ቅጠል አውጥቷል፤ የተዘረጉ።

ዓምዱን አጠፋሁት። ከስልኬም፣ ከወረቀትም። አዘጋጁ ስለ ዝናብና ጃንጥላ የሆነ ነገር ይደርሰዋል፣ ይበሳጭ። ሌንሴ የእናቷን ነገር ከመጽሔት ማንበብ የለባትም። ከእናቷ ትስማ።

ባጃጁ ጥሩምባውን ነፋ። አ.ዲ. ደጅ ሆና ትጣራለች፦ «ሂሩቴ! ምን ትጽፊያለሽ? ሦስተኛ ቦታ አለ!»

ካልጻፍኩት መሄዴ ለምን ይሆን? እንጃ። ግን በሩ ሲከፈት እዚያ መቆም እፈልጋለሁ፣ ደብተር ሳልይዝ። አንቺ እዚህ ቆዪ። ጫማዬን የት ነው ያደረግኩት? መጣሁ!